«ጥርሴን ትል በላው» እና ሌሎች የማይረቡ ወሬዎች

ጂማ ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ትል በልቶት ነው» የሚለውን ነው፣ በጭስ አወጣልሃለሁ የሚልም አይጠፋም። ጥርስ ውስጥ ምንም ትል የለም። አፋችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፣ ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የላይኛ ሽፋን፣ የሚያሟሟው እሱ ነው። ኢናሜል በክብደት 96% ገደማ ማዕድን ነው፣ ከአጥንት ይጠነክራል፣ ግን አፍ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ወደ 5.5 ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌቱ እየለቀቀ ይሄዳል።

«ቡና ጥርስ ያበሰብሳል» ደሞ ቡና አገር ተቀምጦ ሲባል ይገርመኛል። ቡናው ያጠቁራል እንጂ አይቦረቡርም፣ ጥፋቱ ሲኒው ውስጥ የምንገለብጠው ስኳር ነው።

«እኔ እኮ ጣፋጭ አላበዛም» የሚሉት ናቸው በጣም የሚሸወዱት። ከብዛቱ ይልቅ ስንት ጊዜ አፍህ ውስጥ ገባ የሚለው ይብሳል፣ አንዴ ጣፋጭ ከቀመስክ አሲዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ምራቅ ያንን አስተካክሎ ማዕድኑን እስኪመልስ ግማሽ ሰዓት አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፣ እና በርጫ ላይ ከሰባት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተቀምጦ በየአስር ደቂቃው ለስላሳ ወይ ስኳር የበዛበት ሻይ ፉት የሚል ሰው ጥርሱ መቼ ሊያርፍ ነው? ጫቱ ራሱ አፍ ያደርቃል፣ ምራቅም የለም ማለት ነው። ውሃ ጠጡበት ባካችሁ።

ማር ተፈጥሯዊ ነው አይጎዳም? ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው።

«አንዴ ከተነካ አለቀለት» ግማሹ እውነት ነው። ኢናሜል የሚሰሩት ሴሎች ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ የተቀደደ ቀዳዳ ራሱን አይደፍንም፣ መሞላት አለበት። ግን ቀዳዳ ከመሆኑ በፊት ድድ አካባቢ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ምልክት ይወጣል፣ እዛ ላይ ከተደረሰበት የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድና ምራቅ ማዕድኑን ሊመልሱት ይችላሉ፣ ያውም ፍሎራይድ የገባበት ኢናሜል አሲድን የበለጠ ይቋቋማል። ከተቦረሸ በኋላ መትፋት ብቻ፣ በውሃ አትጉመጥመጡ።

«ፍሎራይድማ ጥርስ ያበላሻል፣ የስምጥ ሸለቆ ሰዎችን አላየህም?» ይባላል። እዛ ጥርስ ያበለዘው የጉድጓድ ውሃው ነው፣ ልጆች ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ ሲሰራ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ለዓመታት ስለጠጡ። ተቦርሾ የሚተፋ የጥርስ ሳሙና ሌላ ነገር ነው፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን የሩዝ ፍሬ የምታክል ብቻ አድርጉለት።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚሉ እናቶች ደሞ አሉ። የወተት መንጋጋ የሚወድቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ላይ ነው፣ በ4 ዓመቱ የተቦረቦረበት ልጅ እስከዛ በምኑ ያኝክ?