የዕፅዋትና የአፈር ውኃ መስተጋብር ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ስለ ዛፍና ስለ ውኃ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። ምንጭ ዳር የቆመ ሾላ ወይም ዋርካ ሊቆረጥ ሲል ሽማግሌዎች «ምንጩ ይነጥፋል» ብለው ይከለክላሉ። እዚያው ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ሲገኝ ደግሞ «ምንጩን ያደርቅብናል» ተብሎ ይከሰሳል። ሁለቱም አባባሎች ከረጅም ዘመን ልምድ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ የሚችሉበትን ምክንያት የሚያስረዳው የዕፅዋትና የአፈር ውኃ መስተጋብር የሚባለው ሐሳብ ነው።

መስተጋብር መባሉ ተጽዕኖው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለማይሄድ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ምን ዓይነት ተክል፣ ምን ያህል ተጠጋግቶ ሊበቅል እንደሚችል ይወስናል፤ ተክሉም በተራው ከዘነበው ዝናብ ምን ያህሉ ወደ መሬት እንደሚሰርግ፣ ምን ያህሉ በጎርፍ እንደሚሄድና ምን ያህሉ ተንኖ ወደ አየር እንደሚመለስ ይወስናል። በዚህ ክረምት የሰረገው ውኃ በመጪው ዓመት የሚኖረውን የዕፅዋት ሽፋን ይወስናል፤ ያ ሽፋን ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት ዝናብ ይቀበላል።

ከአፈሩ ብንጀምር፣ አፈር የያዘው ውኃ ሁሉ ለተክል አይደርስም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ትልልቆቹን የአፈር ቀዳዳዎች የሞላው ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጥቃቅኖቹ ውስጥ የሚቀረውን ደግሞ አፈሩ እየደረቀ በሄደ ቁጥር አጥብቆ ይይዘዋል። ያን ቀሪ ውኃ ለመሳብ በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 15 እጥፍ ያህል ኃይል ሲያስፈልግ፣ አብዛኞቹ ሰብሎች ጠውልገው ይቀራሉ። ዋልካ አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ነገር ግን ከያዘው ብዙውን ለሥር አይለቅም፤ አሸዋማ አፈር ጥቂት ይይዛል፣ የያዘውን ግን በቀላሉ ይሰጣል። በደረቅ አገር አሸዋማው መሬት ከሸክላማው የተሻለ ዛፍ ተሸክሞ የሚታየው በዚህ ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው ፀሐይ ከማትደርስበት ጥልቀት ፈጥኖ ስለሚወርድም ጭምር ነው።

ተክል ውኃን የሚያጠፋው በቅጠሉ ነው። ምግቡን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲከፍት፣ ከሥር የመጣው ውኃ በእነዚያው ቀዳዳዎች ተንኖ ይወጣል። በየብስ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ 60 በመቶ ያህሉ በትነት ወደ አየር የሚመለስ ሲሆን፣ ከዚህም የሚበዛው የሚያልፈው በዕፅዋት በኩል ነው። ዛፍ ውኃ አይጠጣም ብሎ መከራከር ስለዚህ ከንቱ ነው።

ይኸው ተክል ግን ለውኃ በር ይከፍታል። የረገፈው ቅጠል የዝናቡን ጠብታ ኃይል ስለሚሰብር የአፈሩ ገጽ ተመትቶ አይጠጥርም፤ ብስባሹ አፈሩን ያላላዋል፤ የሞቱ ሥሮችና ምስጦች የተዉት ቀዳዳ ውኃውን ወደ ጥልቅ ይመራዋል፤ ጥላውም ከአፈሩ ገጽ የሚተነውን ይቀንሳል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት በሚበቅል ቁጥቋጦ ላይ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋሉት ነገር ነው፦ ጥልቀት ያለው ሥር ሌሊት ከታች ካለው እርጥብ አፈር ውኃ ስቦ፣ በላይኛው ደረቅ አፈር ውስጥ ይለቀዋል። ተክሉ ያን ውኃ በማግስቱ ይጠቀምበታል፤ ሥራቸው አጭር የሆነ ጎረቤቶቹም ይካፈሉታል።

እነዚህ ሁለት ጠባዮች፣ ማለትም መጠጣትና ማስረግ፣ ጎን ለጎን ሲሠሩ በዓይን ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ የሶማሌ ምድር ሜዳ ነው። ጂኦሎጂስቱ ማክፋዲየን እ.ኤ.አ. በ1950 በወቅቱ የብሪታንያ ሶማሌላንድ ይባል በነበረው አገር ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን መሠረት አድርጎ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሣርና ቁጥቋጦ በረጃጅም መቀነቶች ተሰልፎ፣ በመካከሉም ባዶ መሬት እየተከተለ እንደሚታይ ገለጸ። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ተዳፋትነቱ እምብዛም በማይታወቅ ሜዳ ላይ መቀነቶቹ የተዘረጉት ቁልቁለቱን አቋርጠው ነው። በባዶው ክፍል የአፈሩ ገጽ ስለጠጠረ ዝናቡ አይሰርግም፤ ተንሸራቶ ወደ ታችኛው መቀነት ይደርሳል። እዚያ ሥርና ብስባሽ ያላላው አፈር ይቀበለዋል። መቀነቱ ከሰማይ በቀጥታ ከሚወርድለት የሚበልጥ ውኃ ስለሚያገኝ፣ በእኩል ቢከፋፈል ለማንም በማይበቃ ዝናብ ዕፅዋት ጸንተው ይኖራሉ። ባዶው መሬት እንግዲህ የመቀነቱ ውኃ መሰብሰቢያ ነው፤ ባዶ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም።

መቀነቱ ለማገዶ ተጨፍጭፎ ወይም በከብት ተረግጦ ሲጠፋ ግን ውኃውን የሚያቆመው አይኖርም። ገጹ በሙሉ ይጠጥራል፤ ዝናቡም አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ወደ ቦረቦር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጥሩ ክረምት ቢመጣ እንኳ ዘር የሚያበቅል እርጥበት አይቋጠርም። መሬቱ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ፣ ዕፅዋቱን ለማቆየት ይበቃ ከነበረው የሚበልጥ ውኃ ያስፈልገዋል። መስተጋብሩ ሲገነባ እንደሚረዳ ሁሉ ሲፈርስም ጥፋቱን የሚያፋጥነው በዚህ መንገድ ነው።

ባሕር ዛፍን በዚሁ ሚዛን ማየት ይቻላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የእንጨት ችግር ለማቃለል የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያራግፍም፣ በበጋም ከጥልቅ አፈር መሳቡን ይቀጥላል። ቦሽና ሂውሌት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የ94 ተፋሰሶችን ሙከራ ሲገመግሙ፣ ከተፋሰሱ ስፋት 10 በመቶው በባሕር ዛፍ ወይም በጥድ መሰል ዛፎች ሲሸፈን ወደ ወንዝ የሚወርደው ውኃ በዓመት በአማካይ 40 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚቀንስ አገኙ። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 40 ሊትር ማለት ነው። ምንጭ ዳር በጥቅጥቅ የተተከለ ባሕር ዛፍ ላይ የሚቀርበው ክስ እንግዲህ መሠረት አለው። አልፎ አልፎ የቆሙ ሾላዎችና ሥራቸው ያልተነካ አፈር ያሉበት ቦታ ግን ሌላ ሂሳብ አለው።

ያ ሌላ ሂሳብ በቡርኪና ፋሶ ሳፖኔ በተባለ አካባቢ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሺአ የተባሉ ቅባት የሚወጣው ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች ተራርቀው በቆሙበት የእርሻ መሬት ላይ ከሥር አልፎ ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደው ውኃ ትልቁን መጠን የያዘው ዛፍ በሌለበት ቦታ አልነበረም፤ ዛፍ በበዛበትም አልነበረም፤ በመካከለኛ ሽፋን ላይ ነበር። ዛፉ አፈሩን የሚያላላው ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ሲሆን፣ የሚጠጣው ግን በአብዛኛው በአቅራቢያው ያለውን ነው። ዛፎቹ ሲጠጋጉ መጠጣቱ ማስረጉን ይበልጠዋል።

ከምንጭ ራስጌ ባለ ዳገት ላይ ችግኝ ለመትከል ያሰበ ማኅበረሰብ ስለዚህ አስቀድሞ ክረምት ላይ ቆሞ ማየት ያለበት ዝናቡ ሲወርድ ውኃው ይሰርግ ወይም ይሮጥ እንደሆነ ነው። የሚሮጥ ከሆነ መሬቱን ከከብት ከልሎ ሣርና አገር በቀል ቁጥቋጦ እንዲያገግም መተው፣ ከዚያም ዛፎችን አራርቆ መትከል ምንጩን ሊያግዝ ይችላል። አስቀድሞም በደንብ የሚሰርግ ከሆነ ግን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ አጠጋግቶ መትከል የሚያስከትለው የምንጩን መቀነስ ነው።