ጠርሙሱ ላይ ያለው «80 ፕሩፍ» ምን ማለት ነው?

አሜሪካ የሚሸጥ ቮድካ ላይ «80 ፕሩፍ» የሚል ጽሑፍ አይቶ «80 በመቶ አልኮል ነው!» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በአሜሪካ አቆጣጠር ፕሩፍ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ነው፤ ለሁለት ሲያካፍሉት 40 በመቶ ይሆናል።

ቃሉ «ማረጋገጫ» ማለት ነው፣ የመጣውም ከእንግሊዝ። እዚያ ድሮ ጠንከር ያለ መጠጥ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። ታዲያ ብርታቱ በምን ይታወቅ? ትንሽ ባሩድ ላይ መጠጡን አፍስሰው እሳት ይለኩሱበታል። ባሩዱ ቦግ ካለ መጠጡ ፈተናውን አለፈ፤ ውሃ ከበዛበት ግን ባሩዱ ይረጥብና አልነድም ይላል። በጣም የሚገርም ዘዴ ነው፤ ግን የፈሰሰው መጠን ትንሽ ከበዛ ውጤቱ ይለወጣል፣ ስለዚህ ብዙ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1816 እንግሊዞች በሕግ ወደ ሃይድሮሜትር ዞሩ፤ መጠጡ ውስጥ ተንሳፍፎ ብርታቱን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ዋናው ግራ መጋባት የሁለቱ አገሮች ቁጥር አለመግጠሙ ነው። የድሮው የእንግሊዝ 100 ፕሩፍ 57 በመቶ ገደማ፣ የአሜሪካው 100 ግን ልክ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ አሮጌ የእንግሊዝ ውስኪ ላይ «70 ፕሩፍ» ቢያዩ ከአሜሪካው 80 ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 40 በመቶ ናቸው።