አፑ «በ5 ሳምንት ይህን ያህል ትመዝናለህ» ሲልህ ምን ማለቱ ነው?

ማይፊትነስፓል (የምትበላውን ካሎሪ የሚቆጥርልህ አፕ) ላይ የቀኑን ምግብ መዝግበህ ስትጨርስ «ሁሉም ቀን እንደዛሬው ቢሆን በ5 ሳምንት ይህን ያህል ትመዝናለህ» የሚል ነገር ይመጣል፣ ብዙ ሰው እንደ ቃል ኪዳን ነው የሚያየው። ተራ ማባዛት እኮ ነው። ዛሬ ከሚያስፈልግህ 500 ካሎሪ አሳንሰህ ከበላህ በ35 ቀን ያባዛዋል፣ 17,500 ይመጣል፣ እሱን ለ7,700 (1 ኪሎ ስብ የሚይዘው ካሎሪ ግምት መሆኑ ነው) ሲያካፍለው 2.3 ኪሎ ገደማ ትቀንሳለህ ይልሃል፣ አለቀ። ችግሩ እንደዛሬው የሚሆን ቀን የለም፤ «የሚያስፈልግህ» የተባለው ራሱ ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከኪሎ የወጣ ግምት ነው፣ ዘይቱን በዓይንህ ገምተህ ከመዘገብክ ደሞ ሌላ ስህተት፣ ኪሎህ ሲወርድ ሰውነትህ የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ ነገሩ እየዘገየ ይሄዳል። ጨው የበዛበት ራት በልተህ ካደርክ ደሞ ጠዋት ሚዛኑ በውሃ ብቻ 1 ኪሎ ሊጨምርብህ ይችላል፣ ስብ አይደለም አትደንግጥ።

ሞራል ይሰጣል ወይ ካልከኝ መጀመሪያ አካባቢ አዎ፤ ግን ቁጥሩን ለማሳመር ብሎ ራት የሚዘል አለ፣ ለሱ ቢቀርበት ይሻለዋል። እኔ የ7 ቀን የሚዛን አማካይን ነው የማምነው፣ እሱ ከ3 ወይ 4 ሳምንት በኋላም ካልወረደ ያኔ የምትበላውን ታስተካክላለህ።