«ያገኘሁትን አሮጌ ሳንቲም በሎሚ አሽቼዋለሁ፤ አሁን ስንት ያወጣል?»

ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። ሥራዬ አሮጌ የብረታ ብረት ቅርስ መጠገን ነው። ክረምቱ የአክሱምን እርሻ አጥቦ ሲወጣ ሳንቲሞች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ስልኬም በፎቶ ይሞላል። አሁን ደግሞ ወርቅ ፈላጊዎች በዲቴክተር፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ በሚጮህ ማሽን፣ የሚያወጡት ተጨምሮበታል። ፎቶው ላይ የማየው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተፈግፍጎ የሚያብለጨልጭ፣ ፊደሉ የጠፋ መዳብ። ከፎቶው ጋር የሚነግሩኝም የተለመደ ነው።

«ማሽኑ በኃይል ስለጮኸ ወርቅ ነው።» ማሽኑ ለቆርኪም፣ ለጥይት ቀለህም ይጮኻል።

«ማግኔት ስላልሳበው ኦሪጅናል ነው።» ማግኔት መዳብ አይስብም፤ ትናንት የተሠራም ቢሆን። ከሳበው ግን ጠርጥሩ።

«አረንጓዴ ከሆነ ተበላሽቷል።» በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት መሬት ውስጥ ከርሞ አረንጓዴ ያልሆነ መዳብ ነው እኔን የሚያጠራጥረኝ። ጠጣርና ለስላሳ አረንጓዴ፣ ከሥሩም ቀላ ያለ ቡናማ ሽፋን ካለው፣ ሳንቲሙ ራሱን እየጠበቀ ነው። አስመሳዮችም አረንጓዴ ይቀባሉ፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ አትፍረዱ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሲጸዳ ዋጋው ይጨምራል።» አይጨምርም! ይገደላል እንጂ። ብዙ ጊዜ የንጉሡ መልክና ጽሑፉ ያለው ጤነኛው መዳብ ላይ ሳይሆን ዝገቱ ላይ ነው። መዳቡ ቀስ እያለ ወደ ዝገት ሲለወጥ ቅርጹን ዝገቱ ይዞ ይቀራል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ኮካ ኮላ አሲድ ናቸው፤ ቆሻሻውን ከፊደሉ ለይተው አያውቁም። ሁሉንም ይበላሉ።

አንድ ወጣት ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የአክሱም ሳንቲም አመጣልኝ። በሎሚና በአመድ አሽቶታል። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ስር አደረግኩት። መስቀሉ መሀል፣ ጥጉ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቢጫ ነጥብ ቀርታለች። ወርቅ ናት። የአክሱም ባለሙያዎች በአንዳንድ የመዳብና የብር ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሀል፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በጥንቱ ዓለም ሌሎች ያልለመዱት ጥበብ ነው። ልጁን ጠየቅኩት። «ቢጫ ነገርማ ነበረበት፤ ዝገት መስሎኝ እኮ ነው የፈገፈግኩት» አለኝ። ምን ልበለው?

በረኪና የሚጠቀሙም አሉ። እሱ ጭራሽ የከፋ ነው፤ ክሎራይድ ይጨምርበታል፤ በገበታ ጨው ውስጥም ያለው፣ መዳብን የሚያዝገው ነገር ነው።

ክሎራይድ ካነሳን አይቀር፣ «ዝገት ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገር ካያችሁ ሳንቲሙ ታሟል። ከአፈሩ የገባው ክሎራይድ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ መዳቡን ይበላል፤ እንደገና ይጀምራል። ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ትረዳለች፤ ግን ትጠግባለችና ቀይሯት። ሕክምናውን ለባለሙያ ተዉት፤ ኬሚካሎቹ ለእናንተም ጥሩ አይደሉም።

«ፕላስቲክ አልበም ውስጥ ከገባ ስጋት የለም።» የፒቪሲ ፕላስቲክ ከሆነ ራሱ ክሎሪን አለበት፤ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙን ያዝገዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምንም! ከነአፈሩ ተዉት። በጠርዙ ያዙት፤ የእጅ ላብ ጨው ነው። ከማስመሪያ ጎን አድርጋችሁ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ፊደሉ የሚታየው ያኔ ነው።  የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደተገኘ ጻፉ። ይህቺ ብጣሽ ወረቀት ከሳንቲሙ የበለጠ የምትነግረኝ ጊዜ አለ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ የእኔ ነው።» የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ መቆፈርማ ክልክል ነው።

«የግሪክ ፊደል ስላለበት የውጭ ነው።» አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በግእዝም በግሪክም አስቀርጸዋል። የንጉሥ ስም የሌለበት አንድ የታወቀ የመዳብ ሳንቲም አለ፤ መስቀሉን ከቦ በግሪክኛ «ይህ ለሀገሩ ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት።

በመጨረሻ «1936» የሚል የጃንሆይ ሳንቲም ለምትልኩልኝ። ያ ዓመት ሳይቀየር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተመትቷል፤ ሞልቷል። ሎሚና አመዱ ካማራችሁ አምሮታችሁን በእሱ ላይ ተወጡ።