ጣሊያንኛ በአስመራና በአዲስ አበባ ሰው አፍ

አስመራ ዳቦ «ባኒ» ነው፣ ሹካ «ፎርኬታ»፣ ብስክሌት ደግሞ «ብሽክለታ»። ሰዉ የሚያወራው ጥርት ያለ ትግርኛ ነው፤ እነዚህ ቃላት ግን ከጣሊያን ጋር የመጡ ናቸው።

ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ ያወጀው በ1890 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰፋሪው መጀመሪያ ጥቂት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1935፣ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ነው። ወታደሩ፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ መካኒኩ አስመራን አጥለቀለቃት፤ በ1939 ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጣሊያናዊ ነበር። የኤርትራዊ ልጅ ትምህርት ግን በጥቅሉ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ ቋንቋው የተለመደው ጋራዥ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ግንባታ ላይ ነው፤ ጌታው ያዛል፣ ሠራተኛው ቃሉን ከነመሣሪያው ይቀበላል። የእርቅና የለቅሶው ቋንቋ የራሳቸው ሆኖ ቀረ።

የአስመራ ዋና ጎዳና በሕዝቡ አፍ «ኮምቢሽታቶ» ነው። ቃሉ «ካምፖ ቺንታቶ» ከሚለው የመጣ ነው፣ የታጠረ ሜዳ ማለት ነው። ለነጮች የተከለለ ሰፈር ነበር። ዛሬ ቤተሰቡ ሁሉ አመሻሽ ላይ ዘንባባው ሥር ወክ የሚያደርግበት ቦታ ነው።

ከ1941 እስከ 1952 ኤርትራን እንግሊዝ አስተዳደራት፤ ጣሊያንኛው ከጋራዡ አልወጣም።

አዲስ አበባ ቅኝ አልተገዛችም። ወረራው አምስት ዓመት ነው፤ አምስቱንም ዓመት አርበኞቻችን ጠላትን ዕረፍት ነስተውታል። ቃሉ ግን ቀርቷል። አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆም ብላችሁ ስሙ፦ «ካቻቢቴውን አቀብለኝ! ቡሎኑን ፍታው! ፍሪሲዮኑ አልቋል!» ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፣ የቤቱ ብረት ፌሮ ነው። ከፊሉ ከአስመራ በመጡ መካኒኮች በኩል እንደገባ ይነገራል። ትርጉም የቀየረም አለ። ጣሊያኖች «ኮርኒቼ» የሚሉት የግድግዳ ጠርዝን ወይም የሥዕል ፍሬምን ነው፣ እኛ «ኮርኒስ» የምንለው ጣራውን ከውስጥ የሚሸፍነውን። «ቻው»ን እነሱ ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፣ እኛ ለስንብት ብቻ።

ፒያሳ ድሮም አራዳ ነበር፣ አሁንም አራዳ የሚለው አለ። ካዛንቺስ ግን የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። ሰፈሩ በቅርቡ በሰፊው ፈርሷል። ወያላው አሁንም «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል።