ጫጩትና ሌሎች አእዋፍን በጓሮ ማሳደግ

የጓሮ እርባታ ማለት ከጥቂት እስከ ጥቂት ደርዘን የሚደርሱ ዶሮዎችን፣ አንዳንዴም ዳክዬ፣ ተርኪ፣ ጅግራ ወይም ድርጭት ለቤት ፍጆታና ለመጠነኛ ገቢ በግቢ ውስጥ ማርባት ነው። ከትልልቅ እርባታዎች የሚለየው በቁጥር ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውና ዓይነታቸው የተለያየ ወፎች በአንድ ግቢ ስለሚገናኙ በሽታ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚሻገርበት መንገድ ይበዛል። ያም ሆኖ ገና የተፈለፈለች ጫጩትን ቀድሞ የሚገድላት ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ብርድ፣ ጥማትና እርጥብ ጉዝጓዝ ነው። ሦስቱም በአሳዳጊው እጅ ያሉ ናቸው።

በእናት ዶሮ ማስፈልፈል

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የዳክዬና የተርኪ 28 ቀን፣ የጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን፣ የጃፓን ድርጭት 17 ወይም 18 ቀን ይፈጃል። ሙስኮቪ የሚባለው ዳክዬ ግን 35 ቀን ገደማ ይወስዳል። መካከለኛ ቁመና ያላት ዶሮ ከ10 እስከ 12 የዶሮ እንቁላል ብታቀፍ ይበቃታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጠርዝ ላይ ያለው ይቀዘቅዛል፤ እሷም እንቁላሎቹን እያገላበጠች ቦታ ስለምታቀያይር ብርዱ ለሁሉም ይዳረሳል። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ መብራት ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል፦ ቀጫጭን የደም ሥር የሚታይበት ሽል ይዟል፤ ጥርት ብሎ የሚያበራው ባዶ ነውና ይውጣ።

ታቃፊዋ በቀን አንዴ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ወርዳ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትኮሳለች። ውሃና ጥሬ ከጎጆዋ ብዙ ሳይርቅ ይቀመጥላት። ቅማል ካለባት ከማቀፏ በፊት መታከም አለባት፤ ያለዚያ ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ ይወርራቸዋል። ከሌላ ቦታ የመጡ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጫጩቶችን በጨለማ ከሥሯ ብታስገቡ አብዛኛውን ጊዜ ትቀበላቸዋለች። ቀናት ካለፋቸው በኋላ ግን እነሱም እናት ብለው አይከተሏትም፣ እሷም ትነቁራቸዋለች። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነና ታቃፊ ዶሮ ከተገኘች ሙቀቱን ለእሷ መተው ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል።

በማሞቂያ ማሳደግ

እናት ከሌለች ማሞቂያው ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ መብራት አለበት፤ መሞቅ ያለበት አየሩ ብቻ ሳይሆን ጉዝጓዙም ነው። ለ50 ጫጩት ወደ 1.5 ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ በካርቶን ወይም በኮምፖንሳቶ የታጠረ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ክብ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም። ጫጩቶች ሲበርዳቸው ወይም ሲደነግጡ ማዕዘን ላይ ይደራረቡና ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ላይ ሲለካ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሰ 21 ሲደርስና ላባቸው ሲሞላ፣ ማለትም በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት፣ ማሞቂያ አያስፈልጋቸውም። ቴርሞሜትር ቢኖርም የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ጫጩቶቹ ናቸው። አምፖሉ ሥር ተጣብቀው በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ሸሽተው ጠርዝ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ ከተቃራኒው ጎን ነፋስ ይገባል ማለት ነው። ተበታትነው የሚበሉ፣ የሚጠጡና የተኙ ሲሆኑ ልክ ነው። ይህን ለማየት ጥሩው ሰዓት ሌሊት ነው፤ ቀን ሲሞቅ የተስተካከለ ማሞቂያ ጎህ ሲቀድ ላያዳርስ ይችላል።

250 ዋት የኢንፍራሬድ አምፖል በ45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ተሰቅሎ እንደ ሁኔታው ከፍ ዝቅ ይደረጋል። በራሱ ገመድ ብቻ ሳይሆን በሰንሰለት ይታሰር፤ ደረቅ ሰጋቱራ ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል። ቴፍሎን የተቀባ አምፖል ሲሞቅ የሚያወጣው ጭስ ለሰው ባይታወቅም ወፎችን ይገድላል። ከሰል የሚጠቀም ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይ ይተው፤ አለበለዚያ ጫጩቶቹ በማይሸተው ጋዝ ተኝተው ይቀራሉ።

ውሃና መኖ

ጫጩት ስትፈለፈል ሆዷ ውስጥ የገባው ቀሪ አስኳል ለ2 ወይም 3 ቀን ያቆያታል። በፖስታ ቤትም ሆነ በመኪና ሩቅ ተጉዛ በሕይወት የምትደርሰው ለዚህ ነው። ስትደርስ ግን መጀመሪያ ውሃ፣ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ መኖ ይሰጣታል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ የጥቂቶቹን ምንቃር አንዴ ነከር ማድረግ በቂ ነው፣ ሌሎቹ አይተው ይማራሉ። ማጠጫው ጥልቀት ካለው ጠጠር ይደርደርበት፤ የጫጩት መስጠም ብዙ ውሃ አይጠይቅም። በሁለተኛው ቀን ማታ አንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳሰስ አድርጉ፦ ለስላሳና ሞላ ያለ ከሆነ በልታለች ጠጥታለችም፤ ጠንካራ ከሆነ መኖ እንጂ ውሃ አላገኘችም።

የእንቁላል ዝርያ ጫጩት እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ትበላለች። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የምትጨርሰው ከ1 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ከዚያ 15 ወይም 16 በመቶ ያለው የቄብ መኖ ይከተላል። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስለሚይዝ 18ኛው ሳምንት ገደማ ሳይደርስ አይሰጥም፤ «የተሻለ ነው» ተብሎ ቀድሞ የተሰጣት ቄብ ኩላሊቷ ይጎዳል። ለአቅመ እንቁላል የደረሰች ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፣ ውሃ ደግሞ የዚያን እጥፍ፣ በሙቀት ወቅት ከዚያም በላይ። ከተፈጨ መኖ ውጭ ጥሬ ወይም ቅጠል የሚያገኙ ጫጩቶች ደቃቅ ጠጠር ያስፈልጋቸዋል፤ ጥርስ ስለሌላቸው የሚፈጩት በእሱ ነው።

ጉዝጓዝና ደም ተቅማጥ

ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ደረቅ ገለባ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። ጋዜጣ ብቻውን አይሆንም፦ ስለሚያንሸራትት የጫጩቷ እግሮች ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ። በጊዜ ከታየ ሁለቱን እግሮች በለስላሳ ጨርቅ ወይም ፕላስተር በተፈጥሯዊ ርቀታቸው ለ2 ወይም 3 ቀን አያይዞ ማሰር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

የጉዝጓዝ እርጥበት የሚለካው በእጅ ነው። አንድ ጭብጥ አፍሳችሁ ጨብጡት፦ እጃችሁን ስትከፍቱ ኳስ ሆኖ ከቀረ በጣም ረጥቧል፤ ቀስ ብሎ ከፈረሰ ደህና ነው። ሽታውንም ቆማችሁ ሳይሆን ቁጢጥ ብላችሁ በጫጩቷ ከፍታ አሽትቱ። እዚያ ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ ካለ ጫጩቶቹ ቀንና ሌሊት እሱን ነው የሚተነፍሱት።

እርጥበት በተለይ የሚያገለግለው ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ፣ ማለትም ደም ተቅማጡን ነው። አይሜሪያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው ሊያሳምም አይችልም፤ ሞቃትና እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ማጠጫ ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ ማንሳት የበሽታውን ዑደት መቁረጥ ነው። በአብዛኛው የሚታየው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ላይ ነው፦ ጫጩቷ ላባዋን ነፍታ ትኮራመታለች፣ መብላት ትተዋለች፣ ኩሷ ላይ ደም ይታያል። ደሙ በታየበት ቀን በውሃ የሚበጠበጥ አምፕሮሊየም መጀመር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ተሕዋሱን ቫይታሚን ቢ1 በመንፈግ ስለሆነ በሕክምናው ቀናት የቫይታሚን ዱቄት ውሃው ውስጥ መጨመር ሥራውን ያበላሻል። ይህ ስህተት በደግነት የሚሠራ ነው፣ የተለመደም ነው።

ኩስ ፊንጢጣ ላይ ደርቆ መደፈን ሌላው የመጀመሪያ ሳምንት ችግር ነው፤ በብዛት የሚመጣው ከጉዞ ጫና፣ ከብርድ ወይም ከልክ ካለፈ ሙቀት ነው። በለብ ያለ ውሃ አርሶ ማላቀቅ እንጂ በደረቁ መሳብ ቆዳውን ይገነጥላል። ሆዷ መሃል ያለው የደረቀ እትብት ግን አይነካም።

ክትባት

ፈንግል ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ በተለምዶ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይጀምርና ላሶታ በሚባለው ይደገማል፤ ጉምቦሮ ለተባለው በሽታ የሚሆነው ክትባት በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፣ ማሬክስ ለተባለው በሽታ የሚሆነው ግን ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን በመርፌ ነው። ትክክለኛውን ቀን የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ይወስነዋል። የብዙ ክትባት ከንቱ መሆን ከአያያዝ ይመጣል፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ክሎሪን ባለበት ውሃ ከተበጠበጠ ይሞታል። በውሃ ሲሰጥ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ይጨመራል፤ ወፎቹም አስቀድመው ለአንድ ሰዓት ያህል ተጠምተው በ2 ሰዓት ውስጥ ሊጨርሱት ይገባል። የታመመ መንጋ አይከተብም።

ቋሚ ቤት

ለአቅመ እንቁላል የደረሱ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ወይም 6 ባይበልጡ ጥሩ ነው። መጨናነቅ፣ ኃይለኛ ብርሃንና የፕሮቲን ማነስ መነቋቆርን ያመጣሉ፤ አንዴ ደም ከታየ ማስቆሙ ከባድ ነውና የቆሰለችው ወዲያው ትለይ። ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለ4 ወይም 5 ዶሮ 30 በ30 የሆነ አንድ መጣያ ሳጥን ይመደባል። ቆጡ ከሳጥኑ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ካለ ዶሮዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ያድሩና እንቁላሉ በኩስ ይጨማለቃል። የአየር መግቢያው ከተኙበት ራስ በላይ ይሁን። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም፤ ለአይጥና ለሸለምጥማጥ ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ብየዳ ሽቦ ያስፈልጋል።

ሌሎች አእዋፍ

የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የሚበልጥ ናያሲን (ቫይታሚን ቢ3) ትፈልጋለች፤ ካነሳት እግሯ ይጎብጣል። የምትበላው ውሃ እያጣጣች ስለሆነ ውሃ በሌለበት መኖ አይቀርብላትም፤ ጉዝጓዙንም በአንድ ቀን ጭቃ ስለምታደርገው ከዶሮ ጫጩት ጋር አንድ ማሞቂያ ውስጥ ማሳደግ አይመከርም። ማጠጫዋን በሽቦ መደብ ላይ አድርጎ የሚፈሰውን ከሥር መቀበል ጉዝጓዙን ያተርፋል። እናቷ የምትቀባላትን የላባ ቅባት ስላላገኘች ያለ እናት ያደገች ዳክዬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋኝታ ከረጠበች ትበርዳለች።

ተርኪ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ጫጩቱ ወደ 28 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ መብላትንም ቶሎ አይማርም። ዶሮዎች ከኖሩበት መሬት መራቅ አለበት፦ የዶሮ አንጀት ትል እንቁላል ውስጥ ተሸሽጎ የሚተላለፈው «ጥቁር ራስ» የሚባል በሽታ ዶሮን ብዙም ሳይጎዳ ተርኪን ይጨርሳል፤ የትሉ እንቁላልም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ለዶሮ የተዘጋጁ አንዳንድ የፀረ ኮክሲዲያ መኖዎች፣ ለምሳሌ ሳሊኖማይሲን ያለባቸው፣ ለተርኪ መርዝ ናቸው።

የጅግራ ጫጩት እንደ ዶሮ ያድጋል፣ ግን የበለጠ ፕሮቲን ይሻል፣ በቀላሉም ይሰጥማል። ካደገ በኋላ ቤቱን ለማስለመድ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ዘግቶ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዛፍ ላይ እያደረ የሌሊት አዳኝ ሲሳይ ይሆናል። ድርጭት በ6 ወይም 7 ሳምንቱ እንቁላል ይጀምራል፤ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚዘል የሳጥኑ ጣሪያ ዝቅተኛ ወይም ለስላሳ ይሁን።

አንዱ ዙር ሲወጣ ጉዝጓዙ ተጠራርጎ ይወጣና ቤቱ ከታጠበ በኋላ ለ2 ሳምንት ባዶ ይደርቃል። ኩሱ በቀጥታ ተክል ላይ ከተጣለ ያቃጥላል፤ ከገለባ ጋር ተቆልሎ ለጥቂት ወራት ሲብላላ ግን ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።