ማትሬሰንስ ምንድን ነው? ልጁ ሲጎረምስ እናቱስ?

ሴት ስትወልድ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል። እናትየውም ከአራስ ቤት ወጣች ይባላል። በቃ፣ እናት ሆናለች።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዳና ራፋኤል ግን እናት መሆን ረጅም መንገድ መሆኑን አይታ እ.ኤ.አ. በ1973 «ማትሬሰንስ» የሚል ስም አወጣችለት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጉርምስና ከሚባልበት ቃል፣ ከ«አዶለሰንስ» ጋር ቤት ይመታል። የጎረምሳ ሰውነቱ፣ ስሜቱና በሰው ዘንድ ያለው ቦታ አንድ ላይ ይለወጣል። የእናትም እንዲሁ ነው። በኋላ ቃሉን መልሳ ያነሳችው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኦሬሊ አታን፣ ለውጡ በየልጁ ሊደገም፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ እንደሚችል ትገልጻለች።

እኔ ነገሩ የገባኝ ልጄ ጢም ሲያበቅል ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትንሽ እያለ ታክሲ ውስጥ የማያውቃትን ሴት ፀጉር ሲነካ «ውይ ሲያምር!» ይሉት ነበር። ዛሬ በቁመት በልጦኛል። ያንኑ እጁን ሲዘረጋ ሴቲቱ ትጮኻለች፤ ረዳቱ «ማዘር፣ ልጅሽን ያዢው እንጂ!» ይላል።

ድሮ ይሉኝታ የሚገድለኝ ሰው ነበርኩ። አሁን ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማ «ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ሊጎዳሽ አይደለም፣ ይቅርታ» እላለሁ። ቤት ስንገባ ደግሞ ሰው ሳያስፈቅዱ እንደማይነካ በሥዕል አሳየዋለሁ። ይህቺን ደፋር ሴትዮ በፊት አላውቃትም ነበር። አንዳንዴ እወዳታለሁ፣ አንዳንዴ ታደክመኛለች።

የቀረብኝም ብዙ ነው። ሥራዬን ትቻለሁ፤ ማኅበርም ቀርቻለሁ። ለቅሶ የምደርሰው እህቴ ከእሱ ጋር የዋለች ቀን ብቻ ነው። የእኩዮቼ ወሬ የሚኒስትሪ ፈተና ነው፤ የእኔ ወሬ «ዛሬ ሳይጮህ ጢሙን ላጨሁት» ነው። ያ ለእኔ ትልቅ ቀን ነው፤ ማን ይረዳኛል? ሌላ እናት «ልጄ ይቅበረኝ» ብላ ትጸልያለች። እኔ ከእሱ አንድ ቀን ዘግይቼ እንድሞት ስጸልይ ራሴን ሰማሁና ደነገጥኩ። እንዲህ ዓይነት ጸሎት የምጸልይ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚህ ላይ ወቀሳው አለ። «ምን ብትሠራ ነው?» ይላሉ። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ እናት ልጇን በያዘችበት መንገድ አይመጣም። በፈረንጅ አገርም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ «እናቱ ፍቅር ነስታው ነው» ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል። ስንት እናት ግን በዚያ ወቀሳ ራሷን ስትጠላ ኖራለች!

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በውበት ሥራ የታወቁ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ተናገሩ። ልጅ ሰውን ምን ያህል አዲስ ሰው እንደሚያደርግ ሳስብ እሳቸው ይመጡብኛል። አብዛኞቻችን ማዕከል አንከፍትም። የእኛ ለውጥ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ ነው የሚታየው።

በሰፈሬ «የዚያ ልጅ እናት» ነኝ። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባች ጎረቤት ቡና ጠራችኝ። «ከነልጅሽ ነይ» አለችኝ። ጆሮውን ሲሸፍን አይታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ቶናው ሲቀዳ ስሜን ጠየቀችኝ። የልጄን ስም ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የራሴን ነገርኳት።